ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ደጅ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26
አባባ ጫማ አደረጉ! ከጥምቀት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ! ቡኒውን፣ ማሰሪያውን ራሳቸው አስረው። እልል ልል ስል ነው አፌን የያዝኩት። ደረጃው ላይ ከወደቁ ወዲህ ከዚህ ሦስተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም። ሐኪሙ እግራቸው ድኗል፣ ካልተራመዱ ግን ይደርቃል ብሎናል። በሩን ከፈትኩ፣ ከዘራቸውን ሰጠኋቸው። ደረጃውን አዩት፣ አዩትና «ነገ» ብለው ተመለሱ። ጫማውን እኔው ፈታሁት። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ 27
ዛሬ የሠራሁት ጥፋት! ቅዳሜ ግንቦት ልደታ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ተሸክመው ያውርዱልኝ ብዬ የእድራችንን ሰዎች ለመንኩ። እነሱ ሆዬ፣ የእድሩን ቃሬዛ ይዘው ከች!
«እንዴ ልጄ፣ ቀብሬ ዛሬ ነው እንዴ? ምነው ሳይነገረኝ?» አሉ አባባ።
ሰዎቹ ሳቁ፣ እኔም አመለጠኝ። እሳቸው ግን መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ምሳም እምቢ፣ እራትም እምቢ።
የልደታውን ንፍሮ እቤት ላምጣላቸው ብል የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ተቆጡኝ። «ልደታ ደጅ ነው የሚበላው! ቤት ገብቶ አያውቅም!»

ረቡዕ፣ 28
ጨነቀኝ። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ተቆጥቼ ጨረስኩ። ቁም ሳጥን ስበረብር ልጅ ሳለሁ አባባ ያነቡልኝ የነበረው የተረት መጽሐፍ ተገኘ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ የደራሲው ስም አብሮት ሄዷል። ስንቱን ልጅ ያሳደገ ሰውዬ፣ ስሙን እንኳ አላውቀው! ወንዝ የፈራው ውርንጭላ ጋ ደረስኩ። ሁሉም ይጎትተዋል፣ ይጮህበታል። ኤሊዋ ብቻ መጥታ አጠገቡ ጋደም አለች። ተሻገር አላለችው። ሲመሻሽ ሁለቱም ተነስተው ተሻገሩ። ያኔ ኤሊዋ ሰነፍ ትመስለኝ ነበር። ለካ ሰውዬው የኔን ጉድ ቀድሞ ጽፎት ኖሯል። ጎታቿ እኔ!

ሐሙስ፣ 29
ደረጃው አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር ለቀምኩ። ዝም ብዬ። እኔ፣ ዝም! አባባ ብቅ አሉ።
«አሞሻል እንዴ? ድምፅሽ ጠፋ።»
«ደህና ነኝ አባባ። እዚህ ነፋስ አለ።»
አጠገቤ ተቀመጡ። ምስሩን አብረውኝ እየለቀሙ «ያን ቀን ስወድቅ ብጣራ ብጣራ ማንም አልሰማኝም» አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ይውረዱ አልኩ እንጂ እንዴት ነበር ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ስድስት ደረጃ ወረድን፣ እየተቀመጥን። ከዚያ ተመለስን።

ዓርብ፣ 30
ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ደረስን! ከዚያ ወዲያ ግን አንድ እርምጃ የለም። «በቃኝ ልጄ» አሉ፣ ላብ በላብ ሆነው። አልጎተትኳቸውም፤ እንባዬ ግን መጣ። ግቢው ከታች ይታያል፣ እዚያ መድረስ አቃተን።
እትዬ ዘነበች ለንፍሮው የዘፈዘፉትን ባቄላ ይዘው ከቤታቸው ወጡ። እኛን አዩ፣ ከኮሪደሩ አጥር ብቅ ብለው ወደ ላይ አዩ።
«ሰማይ ከታየ ደጅ ነው» አሉ። «ጋሼ እዚሁ ይመርቁን። እኛ እንወጣለን።»
«ቃሬዛውን ብቻ እንዳታመጡብኝ!» አሉ አባባ።
ነገ እግራቸው እሺ ይበላቸው አይበላቸው እንጃ። ሰው ሁሉ ግን ይወቀው፦ ነገ ቅዳሜ፣ ግንቦት ልደታ፣ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ማንም እንዳይቀር!