ሽማግሌ ያልላከው አማች

ለናፈቅሁሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

ያ ስልክ ዛሬም ያንገበግበኛል። እንግሊዛዊው ባልሽ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ራሱ ደውሎ ልጅዎን ይስጡኝ ሲለው፣ አባትሽ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ሽማግሌ የሌለው፣ ወግ የማያውቅ፣ ልጄን እንደ ገበያ ዕቃ በስልክ የሚጠይቅ አለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፅሽንም አልሰማም እንዳለ ነው። እኔም መሀል ላይ ሆኜ ስቃጠል ከረምሁ።

ባለፈው ግን ምሳ ይዤለት ልብስ ስፌት ቤቱ ስሄድ፣ የጎረቤታችን ልጅ ቲጃኒ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ አገኘሁት። ሰቃ ያለው ቡና ማጠቢያ ሲሠራ ከእንግሊዝ ገዢዎች ጋር ስለሚውል ወሬው ሁሉ ስለነሱ ነው። ደሞዝህ ስንት ነው፣ ለምን አልወለድሽም ማለት እነሱ ዘንድ ነውር ነው አለን። እግራቸውን ብትረግጫቸው ይቅርታ የሚሉሽ ራሳቸው ናቸው አለ፤ በሳቅ ፈረስን። ቀጥሎ ደግሞ፣ እዚያ አገር ጨዋ ሰው ራሱ የልጅቷ አባት ፊት ይቀርባል እንጂ ሰው አይልክም፤ ዛሬ ዛሬ ይህንንም የሚያደርገው አባቷን አጥብቆ ያከበረ ብቻ ነው አለ። አባትሽ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። ከዚያ የቲጃኒን ሱሪ አጣሞ ሰፋው።

እሑድ በራችን ተንኳኳ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ አባቦራና አቶ ኸይሩ፣ ኮታቸውን ለብሰው ገቡና ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ከቅዳሴ መልስ ሁሌ የሚተኛው አባትሽም ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል።

አባቦራ ከእንግሊዝ አገር ተልከን መጣን ሲሉ ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁት። እዚሁ ቅርብ ያለችውን አጋሮን ካዩ እንኳ ስንት ዘመናቸው! ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጀመሩ፤ ጨዋነቱን፣ ሠራተኛነቱን ሁሉ አወሱ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው። ወደ አቶ ኸይሩ ዞሩ፤ እሳቸውም መሬት መሬቱን አዩ።

እኔ በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልጠራው የተከለከልሁትን ስም፣ አባትሽ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ሃሪ አላቸው።

ኤዬ፣ አዎ፣ ሃሪ አሉ አባቦራ።

ማን እንደላካቸው አልጠየቅሁም፤ አንቺም እንዳትጠይቂ። ለፋሲካ ይዘሽው ነይ። እመብርሃን መንገዳችሁን ታቅናላችሁ፤ ያሰባችሁት ሁሉ ይሙላላችሁ።

እናትሽ