የእናትሽ ብርቱካን

ሶዶ፣ የካቲት ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሣራ፣

ይህ ደብዳቤ ፈተናሽን ከጨረስሽ በኋላ እንደሚደርስሽ ተስፋ አለኝ። ካልጨረስሽ አጥፈሽ አስቀምጪው። አሁን ሁሉም ደህና ስለሆነ እነግርሻለሁ፤ ግን ተቀምጠሽ አንብቢ።

እናትሽ ከጥር ሰባት ጀምሮ ሆስፒታል ናት። በገና ማግስት ጓሮ ስትቆፍር ዶማው እግሯን ቆረጣት፤ በሳምንቱ መንጋጋ ቆልፍ ያዛት። አፏ አልከፈት ስላለ በአፍንጫዋ እስከ ሆዷ ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገብተው ወተት፣ እንቁላልና ስኳር በጥብጠው ያፈሱላት ጀመር። ብነግርሽ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጪ ነበር፤ ስለዚህ ደበቅሁሽ። ብትቆጪኝም አይከፋኝም።

አክስትሽ አዛለች «ቅቤ ያልቀመሰች በሽተኛ እንዴት ትነሣለች? ሰው ምን ይለናል?» ስትለኝ እኔም የምፈልገውን ሰማሁ። አንድ ጠዋት ቅቤ አቅልጬ፣ ማንም ሳያይ ወተቱ ላይ ጨመርኩ። ቅቤው ቱቦው ውስጥ ረጋና ደፈነው። ነርሷ ሲስተር ዓመለወርቅ ያንን አውጥታ ሌላ ስታስገባ የእናትሽ ሰውነት እንዴት እንደተንቀጠቀጠ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ስወዳት ልገድላት ነበር።

«አቶ ኤርካሎ፣ እርስዎ ልብስ ሲሰፉ እኔ መጥቼ መቀስዎን እነካለሁ?» አለችኝ ሲስተር።

በአራተኛው ሳምንት የእናትሽ ድድ መድማት ጀመረ፤ የእግሯም ቁስል አልድን አለ። ሲስተር «ወተትና እንቁላሉ ሁሉንም አያሟላም፤ ቪታሚን ሲ ጎድሏታል። ብርቱካን ይፈልጉ። ለደም ማነሷ ደግሞ ብረት ያለበት መድኃኒት እኛ እንሰጣታለን» አለችኝ። ከዚያም ዓይኗን አፍጥጣ «ጭማቂው ለብቻው! ከወተት ጋር እንዳይቀላቅሉ!» አለች። ከቤሌ በሚመጣ የጭነት መኪና ብርቱካን እያስመጣሁ፣ ጠዋት ጠዋት እየጨመቅሁ፣ በአዲስ አቡጀዲ ሦስት ጊዜ አጠል ነበር። አዛለች «ልብስ ሰፊው ጭማቂ ሻጭ ሆነ» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ከሳምንት በኋላ ድዷ መድማቱን ተወ። ቁስሉም ገጠመ፣ መንጋጋዋም ቀስ በቀስ ተላቀቀ። ትናንት ቱቦው ወጣ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ብርቱካን እኔ አጎረስኳት፤ ፊቷን አጨማደደችና «ይሄን ነው በአፍንጫዬ ስታፈሱ የከረማችሁት? ይኮመጥጣል!» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ብቻ ይቅር በዪኝ። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼ «እናትሽ በደንብ ብዪ ብላሻለች» ያልኩት ከራሴ ነበር፤ ያኔ አፏ ተቆልፎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለሣራ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበላት ብዬ ጠየቅኋት።

«በደንብ ብዪ በላት» አለችኝ። ይህኛው የራሷ ነው።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም አምጥቶ ደጃችን ያቁምሽ።

አባትሽ
ኤርካሎ ዳልጮ