ስለ ቀዩ የባሕር ሣር

ሲቀላ፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ልጄ ሉሊት፣ የኦዴሳ ብርድ እንዴት ያደርግሻል? ወደ ሰላምታው በኋላ እመለሳለሁ። ዛሬ ጠዋት የቀበሌ ሰዎች መጥተው ወንድምሽ ዳና የት እንዳለ ጠየቁኝ። «ምዕራብ ዓባያ አጎቱ ጋ ሄዷል» አልኳቸው። ሊቀመንበሩ «የዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ አጎት ጋ ነው፣ አቶ ኦይታ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጓሮ ያለችውን ጎጆ ሳያዩ ሄዱ።

ሌላው ወሬ፦ አንደኛ፣ እናትሽ ደህና ናት። ሁለተኛ፣ ሙዙ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ሦስተኛ፣ ጥጃችን በገበያው ግርግር ደንግጦ አጥር ሲዘል ሽቦ እግሩን ቀዶት ቁስሉ አመርቅዟል። ክሊኒክ ልወስደው አልችልም፣ መንገድ ላይ ያዩታል። ለዕረፍት በመጣችው ጓደኛሽ የላክሽልኝ ብልቃጥ ትዝ አለኝ። በትምህርት ቤታችሁ ከቀይ የባሕር ሣር የምታወጡት ነገር ጀርም ይገድላል፣ ግን በብርጭቆ ሳህን ላይ እንጂ ሕይወት ባለው ነገር ገና አልተሞከረም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ትናንት ሞከርኩት። ግማሹን ቁስሉ ላይ አፈሰስኩት። ሽታው ቀንሷል፣ ትኩሳቱ ግን አልበረደም። ሲቃዥ ስምሽን ይጠራል። ቀሪውን ልጨምር ወይስ ይጎዳዋል? በቴሌግራም «ጨምር» ወይም «ተው» ብቻ በይኝ፣ ይገባኛል።

እናትሽ በሁለት ጉንጭሽ ስማሻለች። ጌታ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

አባትሽ ኦይታ

ሳልረሳው፦ ቀበሌው የጠየቀውን መዋጮ ከፍያለሁ። ለጦሩ ከየቤቱ አንድ ወጣት ያሉት ግን ከእኛ ቤት ገና አልተከፈለም።