ከጆሮሽ አራት ጣት ዝቅ ብሎ

ዘይነባዬ፣ የኔ ነገረኛ፣

ከሄድሽ ሁለት ረመዳን አለፈ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ኮልፌም ጭቃውን አልተወም። ዶሮዎችሽን ግን ለጎረቤታችን ልጅ ኒካህ አርደን በላናቸው። አትቆጪ፣ ሥጋቸው እንዳንቺው አልበገር ባይ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው።

የልጅ ልጃችን ሐያት ኢንጂነሪንግ ልትጨርስ ነው። ከጓደኞቿ ጋር የደም ሥር የሚያዳምጥ ነገር ሠርታለች። የካፖርት ቁልፍ የምታክል ማይክሮፎን አንገት ላይ ትለጠፋለች፤ ድምፁን ኮምፒውተር ይመረምረዋል። ወደ አንጎል የሚወጣ ደም በሰፊ ሥር ዝም ብሎ ያልፋል አለችኝ፤ በጠበበው ግን፣ የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ሲጫኑት እንደሚያደርገው፣ ይንሿሿል። "አባባ፣ በአላህ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ዝም ይበሉ!" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ እስላለሁ። በመጨረሻ የገዛ አንገቴን ድምፅ ቀድታ አሰማችኝ። እሽ... እሽ... እሽ...

ሳቄ ጠፋ። ያን ክረምት ሙሉ "ግራ ጆሮዬን እሽ እሽ ይለኛል" ስትይኝ የነበረው ይኸው ነው። እኔ ምን አልኩሽ? "እንኳን ደስ አለሽ! አርባ ዓመት እኔ እምቢ ስልሽ ኖሬ፣ እሺ የሚልሽ ተገኘ።" ሳቅሽ። ከዚያ ወዲያ አላነሳሽውም።

ጦር ኃይሎች ጋ የወሰድኩሽ ክሊኒክ ደግሞ የጆሮ ጠብታ ሰጠን! ማዳመጫውን ደረትሽ ላይ አደረጉ፣ ጀርባሽ ላይ አደረጉ። ከጆሮሽ አራት ጣት ዝቅ ብለው አንገትሽ ላይ ቢያሳርፉት ምን ነበረበት? እኔስ ጠብታውን ሳንጠባጥብልሽ፣ ምነው አንዴ ጆሮዬን አንገትሽ ላይ ባስጠጋ? ከዚያ አንድ ጠዋት የውዱእ ማንቆርቆሪያው ከእጅሽ ወደቀ፤ ቀኝ ጎንሽም አብሮት ከዳሽ።

መሣሪያው ገና ሙከራ ላይ ነው፣ ሐኪም አይቶ ያረጋግጥ ትላለች ሐያት። ሁለት ሳምንት እምቢ አልኳት። ላንቺ ያልተደረገው ለእኔ ምን ያደርጋል ብዬ አኮረፍኩ። ትናንት ግን "ለእማማ አልደረስኩም፤ እርስዎ ደግሞ በጆሮዬ ሰምቼ እያለሁ ሊሞቱብኝ ነው?" ብላ አለቀሰች።

ቅዳሜ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ስለዚህ ቶሎ ይመጣል ብለሽ ቦታ እንዳትይዢልኝ። ንዴቱ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። እስክንገናኝ የማስታውስሽ እንዲህ ነው፦ ሰው "እንዲህ ይሰማኛል" ሲለኝ መጀመሪያ አዳምጣለሁ፤ ቀልዱ ይቆየኛል።

ባልሽ ከድር