ያልተነሳው ንፉግ

ይድረስ ለእትዬ፣

ከሰላምታዬ በፊት መርዶ ላርዳሽ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። የድራማ ክበባችን ብቸኛ ጢም፣ ከበግ ጠጉር ተሠርቶ አራት ዓመት በሽምግልና ያገለገለው፣ ባለፈው ማክሰኞ በፍየል ተበልቶ አርፏል።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? የደሴ ብርድ ጉልበትሽን ተወት አደረገው? እኔ ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት፤ ያው እንደምታውቂያት ናት። ወንድማችን አሳምነው አንቺ ዘንድ ልድረስ ብሎ ተሳፍሮ ሳይደርስ ከቀረ ሦስት ዓመቱ፤ እሷ ግን ዛሬም ይመጣል ነው የምትለው። ለቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ። ልብሱ ያለበትን ሳጥን ማንም አይከፍትም።

ዘንድሮ አሥረኛ ክፍሎችን የኮሜዲ ገጸ ባሕርያትን እያስተማርኩ ነው፤ ንፉግ ሽማግሌ፣ ጉረኛ ወታደር፣ ከጌታው የሚበልጥ አሽከር። ሱሀይላ የምትባል ተማሪዬ፣ ንፉግ ለማጥናት መጽሐፍ ምን ያደርጋል፣ ጎረቤት አለ አይደል ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ። እኔም ኮስተር ብዬ ሰሌዳው ላይ በኮሜዲ የጠፋ ይገኛል፣ የሞተ ይነሳል ብዬ ጻፍኩ። ገለበጡት። ፈተና ላይም ይመጣል።

ዓርብ ለወላጆች አሳየን። ንፉጉ ኢማድ፣ ማን እንደሚያለቅስለት ለማወቅ የሞተ መስሎ ይተኛል፤ አሽከሪቱ ሱሀይላ ለተዝካሩ ሰንጋው ይታረድ ስትል ዘሎ ይነሳል። ጢም ስለሌለው ፊቱ የሚሸፈንበት ነገር አስፈለገ። በጥድፊያ ቤት ሮጬ፣ ሳላስተውል፣ እጄ የገባውን ጋቢ ይዤ መጣሁ። የአሳምነው ሆኖ ተገኘ።

ኢማድ ተሸፍኖ ሲተኛ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥራዬን ልታይ የመጣችው እናታችን ከፊት ወንበር ተነሳች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። መድረኩ ላይ ወጥታ ራስጌው ተቀመጠችና፣ እትዬ፣ ሦስት ዓመት የያዘችውን ለቀቀችው። ስሙን እየጠራች። ሳቁ ቆመ፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ጎረቤታችን እማማ ዘሊካ አጠገቧ ቁጭ ብለው አላህ ሶብር ይስጥሽ አሏት። ሱሀይላ ግራ ገብቷት፣ ሰንጋው ይታረድ አለች በቀስታ። ኢማድ አልተንቀሳቀሰም።

በኋላ ምነው ስለው፣ ቲቸር፣ ብነሳ ፊቴን ያያሉ፤ የኔ ፊት ደግሞ የልጃቸው አይደለም አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ግን ኮሜዲው ታዳሚውን በእጅጉ እንደነካ ለወረዳው ሪፖርት አድርገዋል።

እናታችን ጋቢውን ራሷ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ክዳኑን አልዘጋችም። እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ። ለአርባው ተዝካር ቀን ቁረጪ ብላሻለች፤ አርባው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር አላውቅም፤ ብቻ ነይ።

አምላክ ደጃፍሽን አያጉድልብሽ፤ የወጡ ልጆችሽን በሰላም ያግባልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

እርማት፦ ከላይ ጋቢው ሳላስተውል እንደተወሰደ የተገለጸው ስህተት ነው። ሳጥኑ የተከፈተው ታስቦበት፣ ከዚያ ጋቢ ስር አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሲነሳ ለማየት መሆኑ ታውቆ፣ በዚሁ ይታረም።