የወ/ሮ ሮማነወርቅ ሳህሌን ዕረፍትና የካቡን ውጤት ስለማሳወቅ

የደቡብ ሲያትል የባሕር ዳርቻ እንክብካቤ ማኅበር መሥራች አባልና የመስክ ሥራ ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሳህሌ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በግንቦት ወር መጨረሻ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ በዕረፍታቸው እጅግ አዝኗል። መግለጫው ከቀብራቸው በኋላ የወጣው በቸልተኝነት አይደለም። እሳቸው ሲጠብቁት የኖሩት አንድ ውጤት ነበር፤ ያንን ሳንይዝ ስለ እሳቸው መናገር ከበደን።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ በአገር ቤት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ሆነው ለረጅም ዓመታት እርከን ሲያሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዲቪ ሲያትል ገብተው ቱክዊላ በሚገኝ መጋዘን እየሠሩ የባሕር ሥነ ምህዳር ተምረዋል። ያዩትን ሁሉ ይጠይቁ ነበር፤ የስብሰባችን አጀንዳ በሰዓቱ የማያልቀው በአብዛኛው በእሳቸው ምክንያት እንደነበር በፍቅር እናስታውሳለን።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሽማግሌዎች አያቶቻቸው ይሠሩት የነበረውን የክላም እርሻ በይዞታቸው ሥር ባለ ዳርቻ እንደገና ለማቋቋም ሲነሱ ማኅበራችንን ጋበዙ። ክላም በአሸዋ ውስጥ የሚኖር ባለዛጎል እንስሳ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው ዳርቻ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ይካባል፤ ካቡ አሸዋውን ያስቀራል፤ በአሸዋው ውስጥ ክላም ይራባል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያው ካብ በወ/ሮ ሮማነወርቅ መሪነት ተሠራ። ሽማግሌዎቹ ክፍተት ይተው ቢሉም፣ እርከን የለመዱት ኃላፊያችን ቀዳዳውን ሁሉ በጠጠር አስደፈኑ። ያማረ ካብ ነበር። ግን ውሃው መተላለፊያ አጥቶ ከኋላው ጭቃ ተኛ፤ የነበረው ጥቂት ክላምም አለቀ። ዳርቻው የእነሱ ነውና አመኔታቸውን አጣን ብለን ፈራን። ወ/ሮ ሮማነወርቅ ይቅርታ ጠየቁና ወዲያው፣ «ኦኬ፣ ውሃው በመሃሉ ካለፈ አሸዋውን ማን ያዘው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሥራውም ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን እያስቀመጡ፣ ወ/ሮ ሮማነወርቅና የባሕር ባዮሎጂ ባለሙያችን ዶ/ር ቢልቂስ የውሃውን ፍሰት እየለኩ አዲሱ ካብ ክፍተቱ ሳይደፈን ተሠራ። ከአሮጌው ጥቂት ሜትር ለማነጻጸሪያ ሳይፈርስ ቀረ። ትንንሽ ክላም ገዝተን እንበትን የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ወ/ሮ ሮማነወርቅ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ራሱ ካልመጣ ካቡ መሥራቱ በምን ይታወቃል የሚል ነበር ክርክራቸው። ስለዚህ በየዓመቱ ባዶ አሸዋ ስንቆፍር ቆየን።

በሃይማኖታቸው ሥርዓት ክላም አይበሉም ነበር። ለማይበሉት ነገር ለምን እንደሚለፉ ስንጠይቃቸው፣ «ባልበላውስ! መምጣቱን ሳላውቅ ልቅር እንዴ?» ይሉን ነበር።

ዘንድሮ ባሕሩ እጅግ የሚሸሽበት ቀን በቀብራቸው ማግስት ዋለ። ባለቤታቸው አቶ ኃይለ መስቀል ከለቅሶ ቤት አስነስተው፣ «እዚህ ተቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ? እሷ ብትሆን ትሄድ ነበር» ብለው ላኩን። ልጃቸው ወ/ት ሃሴትም አብረውን ቆፈሩ። ከአሮጌው ካብ ጀርባ ምንም አልተገኘም። ከአዲሱ ጀርባ ግን ምስር የሚያካክሉ ክላሞች ተገኝተዋል፤ ዶ/ር ቢልቂስና ሽማግሌዎቹ ለየብቻ አረጋግጠዋል። በሰሜኑ ጫፍ ለምን እንደበዙ ገና አናውቅም። እሳቸው ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

ማኅበሩ ከሽማግሌዎቹ ጋር በመስማማት የተደፈነው የአሮጌው ካብ ቁራጭ ለመታሰቢያቸው እንዳለ እንዲቆይ ወስኗል። ጽሑፍ አይለጠፍበትም፤ ያየው ሰው ይህ ብቻ ለምን ተደፈነ ብሎ ይጠይቅ።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለወዳጆቻቸውና በካቡ ሥራ አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ክላሙ መጥቷል።