መፍቻውን ያስቀመጥሁበት ምክንያት

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 22 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባየ፣

እንዴት ከርመዋል? ክረምቱ ጉልበትዎን ያዘዎት ወይስ ዘንድሮ ማረዎት? እማየስ ደህና ናት? ጎርጎራም ዝናሙ እንደኛ ከሆነ ጓሮው ሐይቅ ሆኖ ይሆናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ሁሉም ክፍላቸውን አልፈዋል። ትንሿ ግትር ሆናለች፤ ከማን እንደወረሰችው እርስዎ ያውቃሉ።

አሁን ይቀመጡ፤ ቆመው የሚያነቡት ነገር አይደለም። ጋራዡን ዘግቸዋለሁ። ዛሬ ወይም ትናንት እንዳይመስልዎ፤ ዓመት አልፎታል። እማየ በስልክ ሥራ እንዴት ነው ስትለኝ ደህና ነው እያልሁ ያለፍሁት ሁሉ ውሸት ነበር። ኮምፒውተር ስማር ነው የከረምሁት። ባለፈው ወር ጨረስሁ፤ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨርና ኔትወርክ ጠባቂ አድርጎ ቀጥሮኛል። የሰጡኝን የመፍቻ ሣጥን አልሸጥሁትም፤ አልጋየ ሥር ነው።

ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። የጀልባ ሞተር ሲፈታ ያደገ ሰው በአርባ ዓመቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ሊጫን ነው ወይ ይላሉ። ይበሉ፤ ግን መጨረሻውን አንብበው ይበሉ።

የመጀመሪያው ወር ውርደት ነበር። አብረውኝ የተማሩት ጢም ያላበቀሉ ናቸው፤ አስተማሪያችን መቅደላዊት ራሷ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላትም። ኪቦርዱን የዛገ ብሎን እንደምፈታ ስለምጫነው፣ ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ አያመልጥዎትም ትለኝ ነበር። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ለባለቤቴ ከነገ ጀምሮ አልሄድም እላታለሁ። እሷ ሸሚዜን ተኩሳ ትሰቅለዋለች። ምን ላድርግ፣ ጠዋት እሄዳለሁ።

የፈተናው ቀን መቅደላዊት ሆን ብላ ሰርቨር አበላሽታ እያንዳንዳችን ፊት አስቀመጠች። ልጆቹ ወዲያው መነካካት ጀመሩ። እኔ እጄን አጣጥፌ፣ መጨረሻ በደህና የሠራው መቼ ነው፣ ከዚያ ወዲህስ ማን ምን ነካው ብየ ጠየቅኋት። እርስዎ አንድ ብሎን ሳይፈቱ ባለጀልባውን የሚጠይቁት ነው። ቀጥየ ሎግ የሚሉትን ከፈትሁ፤ ማሽኑ የሠራውንም ያመመውንም በየሰከንዱ ራሱ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። መስመር በመስመር አነበብሁና ጥፋቱን ከሁሉም ቀድሜ አገኘሁት። የመቅደላዊትን ፊት ቢያዩት! እኔ ግን እንደ ልጅ እንባየ መጣ። ለካ ሕመሙን በዐይን የሚያስነብብ ማሽንም አለ።

ለምን አለቀስህ ካሉኝ ይኸው። ቀኝ ጆሮየ አይሰማም። ግራውም ግማሽ ነው።

አምና ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት የአቶ ገድሉ ጀልባ ለንግሥ የሚሄዱ ሰዎች ጭና ወደ ዘጌ ልትነሳ ስትል፣ ቢያዝን የሚባለው ሹፌሩ የሞተሩ ድምፅ ተለውጦብኛል፣ እስኪ እየው አለኝ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮየ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ። ጸጥ ያለ ነው። ምንም የለውም፣ ንዳ አልሁት። ሐይቁ መሃል ላይ ቆመች። አርባ ሰው ከነሕፃናቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፋስ ሲገፋው ቆይቶ ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣቸው። የሞተ የለም።

አቶ ገድሉ ሞተሩ እንኳ ሳይፈታ፣ ቢያዝን ውኃ የገባበት ናፍጣ ቀድቶ ነው ብሎ ወደቡ ላይ በሰው ፊት አባረረው። በማግስቱ ስፈታው ኩሽኔታው ተቃጥሎ አገኘሁት፤ ጆሮ ላለው ሰው ሲያንኳኳ የሚሰማ ነገር ነው። ቀየርሁትና ዝም አልሁ። አዎ፣ ዝም አልሁ አባየ። ደንቆሮ መካኒክ እንዳይሉኝ ብየ የሰው እንጀራ ቆረጥሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሞተር ሁሉ እየፈራሁ ሁለት ወር ሠራሁ፤ ከዚያ ዘጋሁት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ መቀጠሬን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን፣ አቶ ገድሉ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት። የስድብ መዓት አወረደብኝ፤ ይገባኝ ነበር። ከዚያ ባጃጅ ወደሚነዳው ቢያዝን ይዞኝ ሄደ። በሰው ፊት እንዳባረረው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ቢያዝን አሁን ጀልባዋ ላይ ተመልሷል። ያን ቀን ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደልኝ፤ እንዴት እንደተኛሁ አልነግርዎም።

ቢያዝን እኔን አልሰደበኝም። አልሰማም ብትለኝ እኔ አላዳምጥልህም ነበር ወይ አለኝ።

እንዲህ ሲለኝ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ወደቡ ላይ ካቻቢቴውን ጆሮየ ላይ አድርገው ምን ይላል ይሉኝ ነበር። ያንኳኳል ስልዎት፣ ያፏጫል ስልዎት፣ ከንፈሬን ትክ ብለው ያዩ ነበር። ወደ ራስዎ ጆሮ ሲያስጠጉት ግን አንድም ቀን አላየሁም። ሙያ እያስተማሩኝ ነው ብየ ነበር። አስተምረውኛልም።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። የጎዳህ የሞተር ጩኸት ነው አለኝ። አባትህስ በዚሁ ሙያ ናቸው ወይ ሲል ጠየቀኝ፤ ናቸው አልሁት። ከዚያ በላይ አልተናገርሁም። ግራ ጆሮየ ላይ ትንሽ ማዳመጫ ገጥሞልኛል። ትንሿ ልጄ ስታወራ እንደምትኮላተፍ ያወቅሁት አሁን ነው! ከመቼ ጀምሮ ነው ብየ እናቷን ብጠይቃት፣ አፏን ከፈታች ጀምሮ ብላ ሳቀችብኝ።

አባየ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ሳምንት በጀልባ ይምጡልኝ። ለጎረቤት የልጅ ልጆቼን ልጠይቅ ነው ይበሉ፤ እማየ ምክንያት የምትጠይቅዎ አይመስለኝም። ሐኪሙ ዘንድ ለማክሰኞ ጠዋት ወረፋ ይዣለሁ። የያዝሁት በሁለታችን ስም ነው፤ አብረን እንገባለን።

የጎርጎራችን ደብረ ሲና ማርያም ሐይቁን በሰላም ታሻግርዎ፤ ዕድሜና ጤና ጨምራ ትስጥልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

የበኩር ልጅዎ